ሁለት ፊደል

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ከቤተሰብ ውጭ አንድም ሰው የለም። ቀስት የሚወረውር ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አንድ ቀልደኛ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እሁድ እሁድ እየመጣ ዒላማውን ትቶ አጥሩን ሲወጋ የሚውል። ስሙ ግን እንደ ማዕረግ ተለጥፎበት ቀረ። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ሥራዬ ፍላጻ ላይ ላባ መለጠፍ ነው፤ ሙጫው ይደርቃል እንጂ ያንቺ ምላስ አይደርቅም ይሉኛል። ይበሉ። የምናገረው ያየሁትን ነው፣ ያጠፋሁትንም ጨምሬ። የወንድሜን ነገር አንሥቶ እኔን ንጹሕ አድርጎ የሚያወራ ካለ ውሸቱን ነው።

የቀስት ሜዳችን ርዝመት ሃምሳ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ የመጋዘን ግንብ ስላለ አንድ እርምጃ መጨመር አይቻልም። በአንዱ ጫፍ ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ፣ በሌላው ጫፍ ገለባ የታጨቀባቸው ስድስት ዒላማዎች። ከመጠለያው ጎን ወንድሜና እኔ የምንሠራበት ወርክሾፕ ነው፤ ከወርክሾፑ ጀርባ ደግሞ ከሥራው ጋር የተሰጡን ሁለት ክፍሎች። እሱ ቀስት ይጠግናል፣ ጅማት ይቀይራል፣ ሜዳውን ይጠብቃል። ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አራት ዓመት ሲሆናት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ፣ ልጅቷን አሳደግኩ፣ በዚያው ቀረሁ። አላገባሽም ወይ ለሚሉኝ ላባ የሚለጥፍ ባል አላገኘሁም እላቸዋለሁ።

ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የሚመስለው ወርውሮ ለማያውቅ ሰው ነው። ከጅማቱ ከተላቀቀበት ደቂቃ ጀምሮ መውደቅ ይጀምራል። ፈጣኑ ብዙ ሳይወድቅ ይደርሳል፣ ዘገምተኛው መንገዱን ሁሉ ሲወድቅ ይከርማል። ስለዚህ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ቀስቱን ቀና ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል ቀና የሚለውን የሚወስነው የፍላጻው ፍጥነት ነው። ቀስቱ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተተውም ለዚሁ ነው፤ መርፌዋ ዝቅ ስትል ቀስቱ ቀና ይላል። ሃምሳ ሜትር ላይ ይህን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም፤ ወርውረህ ታየዋለህ፣ ታስተካክላለህ። ወርውረህ የማታውቀው ርቀት ላይ ስትቆም ግን ከፍጥነትህ በቀር የምትይዘው ነገር የለም።

ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ በዚያን ጊዜ በአገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፌዴሬሽኑ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ደግሞ ዘወትር ስብሰባ ላይ። ስለዚህ የእኛ ሜዳ መሣሪያ የወንድሜ ጆሮ ነበር። ከወርዋሪው ጀርባ ይቆምና ዓይኑን ይጨፍናል። ጅማቱ ጧ ሲል መቁጠር ይጀምራል፣ ፍላጻው ገለባው ውስጥ ድም ብሎ ሲገባ ያቆማል። አቆጣጠሩ በቁጥር አልነበረም። ቁጥር ረጅም ነው ይላል፤ «አሥራ ሦስት» ብለህ ሳትጨርስ ፍላጻው ገብቶ ያድራል። እሱ የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ ልጅ ሳለን ትንፋሽ ሳንወስድ እንለው በነበረው ሀ ሁ ሂ ሃ። አፉ አይንቀሳቀስም፤ አውራ ጣቱ ብቻ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ይዳስሳል። በወጣትነቱ ሰዓት ፊቱ አስቀምጦ ሲለማመድ ከርሞ፣ ከሀ እስከ ሎ ያሉትን አሥራ አራት ፊደሎች አንድ ሰከንድ ውስጥ ልክክ እንዲያደርግ ራሱን ገርቷል። ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት እንኳ አይዛነፍም ነበር።

ዘዴው ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ፍላጻው ዒላማው ጋ ሲደርስ የወጣው ድምፅ እኛ ጆሮ ለመግባት ሃምሳውን ሜትር ተመልሶ መምጣት አለበት፣ ለመምጣትም ጊዜ ይወስዳል። ያንን የመመለሻ ጊዜ ወንድሜ «መልስ» ይለዋል። ሃምሳ ሜትር ላይ መልሱ ሁለት ፊደል ነው። ስለዚህ ቆጥሮ ቆጥሮ ድምፁን ሑ ላይ ከሰማው፣ ሁለት ይቀንስና «ሎ» ይላል። ሎ ማለት ድፍን አንድ ሰከንድ ነው፤ ፍላጻው በሰከንድ ሃምሳ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ከሎ ሁለት ፊደል ቀድሞ ሌ ላይ የደረሰ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ያ ጎበዝ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መልሱን መቀነስ ይረሳና ፍላጻውን ኤሊ ያደርገዋል፤ ወንድሜም መልስህን ሳትቀበል ወዴት ነው እያለ ይስቅበታል።

በሜዳው ሰው የሚታወቀው በፊደሉ ሆነ። ሎዎች እነማን እንደሆኑ፣ ማን ሌ ለመባል አንድ ፊደል እንደቀረው ሁሉም ያውቃል። ያ የጥርስ ሐኪም ሐ ነበር፤ ጋሽ ጆሮ በዕድሜዬ ከሐ አላልፍም ወይ ሲለው፣ ወንድሜ መጀመሪያ ዒላማውን ይምቱት፣ አጥር ስለሚመታ ፍላጻ ፊደል የለንም አለው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ እየተባለ ነው ሠላሳ ዓመት የተኖረው።

ጆሮው መክዳት ሲጀምር መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ። የድስቱ ክዳን ተፍ ተፍ እያለ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል። ከጓዳ ሆኜ ሙጫ አቀብለኝ ስለው አዎ ዛሬ ይሞቃል ይለኛል። አትሰማም እንዴ ስለው አንቺ እኮ ታጉተመትሚያለሽ አለኝ። እኔ! ድምፄ መጋዘኑን አልፎ የሚሰማ ሴት! ደሜ ፈላ፤ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ነርቩ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም አሉት። ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ስንመለስ በመንገድ ላይ ለሥራ አስኪያጁ ንገረው አልኩት። ጆሮዬን ሲያውቁ ሥራውን ይወስዳሉ፣ ሥራውን ሲወስዱ ቤቱን ይወስዳሉ፣ ልጅቷ እስክትመረጥ ድረስ ዝም በይ አለኝ። ዝም አልኩ። አንደኛው ዝምታዬ ይህ ነው።

ልጅቷ ያልኩት የእሱን ልጅ ነው፣ የእኔም ልጅ ናት። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ቀስት ይዛለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ለአገሪቱ ቡድን ምርጫ ተጠራች፤ አሥራ አንድ ተወዳዳሪዎች፣ የሚፈለጉት አራት። ከዚያ በኋላ ምርጫ የሚኖረው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ቀንም ማታም ወሬዋ እሱ ብቻ ሆነ። ምግብ ስትበላ እንኳ ግራ እጇን ዘርግታ ትይዛለች፣ ክንዷ እንዲጠና። አባቷ ያያትና ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ወንድሜም በዓይኑ መሥራት ጀመረ። ዘበኛ የነበረ ጎረቤታችን የሰጠውን አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠለጠለና፣ ላባው እንዴት እንደሚዞር ለማየት ነው እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። እውነቱ ሌላ ነው። የወርዋሪው ጣት ሲከፈት ያይና መቁጠር ይጀምራል፣ ቶሎ ብሎ በመነጽሩ ዒላማውን ያይና ፍላጻው ሲሰካ ያቆማል። ሰው ሲያናግረው ከንፈሩን ያያል፣ ያልገባውን በቀልድ ያልፈዋል። ማንም አልጠረጠረም ብሎ ያምን ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ሰውዬው አይሰማም እንዴ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። እኔም ማሰብ ሲበዛበት ነው እላለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። የሜዳው ሰው ሁሉ ፈጣን ሆነ። ሎ የነበረው ሌ ተባለ፣ ሐ የነበረው ል ገባ። የጥርስ ሐኪሙ ደስታውን አልቻለውም፤ ከረሜላ ይዞ መጣ፣ የጥርስ ሐኪም! ሥራ አስኪያጁ የሥልጠና ፕሮግራሜ ፍሬ አፈራ እያለ መጠለያው ውስጥ ወረቀት ለጠፈ። እኔም ላባዬ ነው ብዬ ኮራሁ። አንድም ሰው እንዴት ሁላችንም በአንድ ወር አላለም። ሰው ደስ የሚለውን ሲነግሩት አይመረምርም።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ አዲስ ቀለል ያሉ ፍላጻዎች አመጣች። አጫጭር ላባ እየቆረጥኩ እኔው ለጠፍኩላት። ቀላል ፍላጻ ፈጠን ማለቱ አይቀርምና ስንት ሆነ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ ምክንያቱም ምርጫው የሚካሄደው በሃምሳና በዘጠና ሜትር ነው፣ ዘጠና ሜትር ደግሞ እኛ ሜዳ ላይ የለም። ወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ ወንድሜ በእርሳስ የጻፈው ሠንጠረዥ ነበር፤ ከሃምሳ ወደ ዘጠና ስትሄድ መርፌዋን ምን ያህል ዝቅ እንደምታደርግ በየፊደሉ። ሎ ከሆንክ ሰባት ሴንቲሜትር። ሌ ከሆንክ አምስት።

ስድስት ፍላጻ ወረወረች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ በመነጽሩ አየ፣ አውራ ጣቱን አንጓው ላይ አስኬደ፣ ስድስቱም ካለቁ በኋላ «ሌ» አለ። ልጅቷ አቅፋው ዘለለች። ከዚያ ግን ወደ ቀስቷ ተመልሳ መርፌዋን ትክ ብላ አየች።

«አባዬ፣ ሃምሳ ሜትር ላይ መርፌዬ እኮ ከድሮ ቦታዋ ብዙም አልተነሣችም» አለች። «ሌ ከሆንኩ ከፍ ማለት አልነበረባትም?»

ከንፈሯን እያየ ስለነበር ጥያቄው ገብቶታል። ጥያቄው ልክ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢጠይቀው ቁጭ ብሎ ያሰላው ነበር። ግን ጆሮውን የጠረጠረችበት መሰለው፤ ሰው የደበቀው ነገር አጠገብ እጅ ሲዘረጋበት መጀመሪያ የሚያደርገው ማባረር ነው።

«መርፌ ይዋሻል» አላት። «ጆሮ አይዋሽም።»

አምስት ሴንቲሜትር ምልክት አደረገች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ እጄ ላይ ሙጫ ነበር፣ ስለ ጆሮው ከእሱ በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም። ሌላ ጊዜ ስለማይመለከተኝ ነገር የምለፈልፈው ሴትዮ!

የምርጫው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፣ ዘጠና ሜትሩ ላይ ያለው ዒላማ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነው የሚታየው። የሙከራ ፍላጻ የለም ተባለ፤ ጭንቀት የሚችለውን ማየት እንፈልጋለን አሉ። ሃምሳ ሜትር ላይ ልጃችን አንደኛ ወጣች። እሰይ እያልኩ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ፤ ወንድሜ ከአጠገቤ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ዘጠና ሜትር ላይ ለእያንዳንዱ ሦስት ፍላጻ ተሰጠ።

የመጀመሪያው ዒላማው ፊት ለፊት ሣሩ ውስጥ ወደቀ። አንዱ ዳኛ ባንዲራ ከፍ አደረገ፣ ዜሮ ማለት ነው። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ልጃችን ቀስቷን ዝቅ አደረገችና ቀኝ እጇን አየች። መርፌዋን አላየችም፤ እጇን ነው ያየችው። ጣቶቿን አፍታታች፣ ተነፈሰችባቸው፣ ሱሪዋ ላይ ጠረገቻቸው። ሁለተኛውን ለቀቀች። እዚያው ሣሩ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ክንድ በማይሞላ ርቀት። እንደገና እጇን አየች። መርፌዋን ዝቅ አድርጊ፣ ቀስቱ ቀና ይበል ብዬ ልጮህ አሰብኩ፤ ተመልካች መጮህ ክልክል ነው፣ ደግሞስ እኔ ማን ነኝ፣ እሱ ሌ ብሏል። ሦስተኛውም ሣሩ ውስጥ ገባ። ሦስቱ ፍላጻዎች ጎን ለጎን ተሰክተው ነበር። ከዚያ የበለጠ የጸና እጅ በዚያ ሜዳ አልነበረም። ዘጠነኛ ወጣች።

አውቶቡስ ውስጥ ለምን መርፌዋን አላንቀሳቀስሽም አልኳት። ከኋላችን የተቀመጠው አባቷ አይሰማም፣ እሷ ግን የማይሰማ መሆኑን አታውቅምና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ ሌ ብሎኛል» አለች። «እሱ ከተሳሳተ ምን ይቀራል? ጥፋቱ ከእጄ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ሜዳው ባዶ ሳለ ወንድሜ የእሷን ቀስትና ፍላጻ አምጥቶ ወርውሪ አለኝ። እንደ ነገሩ እወረውራለሁ። ለቀቅኩ። በመነጽሩ አየና «ሎ» አለ፣ ድምፁን አውጥቶ። ከዚያ ወዲያው፣ ሁለት ሲቀነስ ሌ ነው እኮ፣ እኔ አልተሳሳትኩም አለ። ወደ እሱ ዞሬ ከንፈሬን እንዲያይ አደረግኩና ምንድን ነው የምትቀንሰው አልኩት። መልሱን ነዋ አለኝ። የምን መልስ፣ አንተ ድምፁን አልሰማህ፣ በዓይንህ ነው ያየኸው አልኩት።

መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና ዒላማውን ያለ መነጽር ያየው ጀመር። ድምፅ ለመመለስ ሁለት ፊደል ይፈጅበታል፤ ዓይን ግን ፍላጻው ሲገባ እዚያው ያየዋል፣ የሚጠበቅ መልስ የለውም። ሠላሳ ዓመት ሁለት ሲቀንስ የኖረ ጣት፣ የሚቀነስ ነገር በሌለበትም ቀነሰ። ቤት የቀየረ ሰው እግሩ ወደ ድሮው በር እንደሚወስደው ነው። ያ ሁሉ ሌ፣ ያ ሁሉ የጥርስ ሐኪሙ ከረሜላ፣ ባዶ ነበር። የልጃችን ፍላጻ ሎ ነው። መርፌዋ ሰባት ሴንቲሜትር መውረድ ነበረባት። ዘጠና ሜትር ላይ የሁለት ሴንቲሜትር ስሕተት ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል፤ ፍላጻው ሣር ውስጥ የገባው በዚህ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሰደብኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አሁኑኑ ሄደህ ንገራት አልኩት። እነግራታለሁ አለ። ከዚያ እሷ ለፌዴሬሽኑ ብትናገር ሥራ አስኪያጁ ይሰማል፣ ቤቱ ይሄዳል፣ ምርጫው እንደሆነ አንዴ አልፏል፣ ብነግራትም ቦታዋን አይመልሱላትም አለ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አለ። ወደ ሁለቱ ክፍሎች ዞሬ አየሁ፤ መስኮቱ ላይ ያሰጣሁት ልብስ ይታየኛል። የት ነው የምንሄደው ብዬ አሰብኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሁለተኛው ዝምታዬ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው የከፋውም ይህ ነው።

ልጅቷ ከምርጫው በኋላ ሁለት ወር ያህል ሞከረች። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቷ ሳትፈቅድለት ይለቃል፣ ፍላጻው አጥሩን ይመታል፤ አጥሩ የጥርስ ሐኪሙ ብቻ መሆኑ ቀረ። አንድ ቀን ጅማቱን ፈትታ ቀስቷን ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሰቀለችና ለአባቷ አንተን አሳፍሬሃለሁ አለችው። እሱ ከንፈሯን አየ። የፈታችውን ጅማት አንሥቶ መጠቅለል ጀመረ። ፖስታ ቤት ጥቅል የምትመዝንበት ሥራ ያዘችና ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይታ ወጣች። ጎረቤታችን ወልዳ ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ ሕፃኑን ያዢው ስትላት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እጄ አይታመንም» አለች፣ እየሳቀች። ሰዎቹም ሳቁ። እኔ ወጥቼ ደጅ ላይ አለቀስኩ፣ ገብቼ ደግሞ እንደገና ዝም አልኩ። ቅስሟን የሰበርነው እኛ ነን፣ ጠጋኝ መስለን አጠገቧ የተቀመጥነውም እኛ።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ከዚያ ፌዴሬሽኑ ለየሜዳው የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ አደለ። ትንሽ ሣጥን ናት፣ ፍላጻው በላይዋ ሲያልፍ ቁጥሩን ትጽፋለች። ሥራ አስኪያጁ ለምርቃት ብሎ ጋሽ ጆሮና መሣሪያው ይወዳደሩ አለ፣ ሰው ሰበሰበ። ወንድሜ ሁለት መቀነሱን ትቶ ነበር፣ ግን ዓይኑም ደክሞ ነበር፤ ሲሰካ ሳያየው ያልፋል። አሥር ፍላጻ ተወረወረ፤ ስምንቱን ሳተ። ሰው በመጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ዝምታውን ደግሞ እሱ አልሰማውም፤ እየቀለደ ቀጠለ። የጥርስ ሐኪሙ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። በወሩ መጨረሻ የስንብት ደብዳቤ መጣ፣ ክፍሎቹን በስድሳ ቀን እንድንለቅ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ስለዚህ ዝም ብለን ያዳንነው ቤት በዝምታችን አልዳነም።

አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝተን ዕቃችንን ባጓጓዝን በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ልብሱን ለበሰና ልጄ ጋ ውሰጂኝ፣ ልነግራት ነው አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ፣ ግን ተነሣሁ። መንገድ ላይ ምንም አልተባባልንም፤ ለእሱ መናገር ማለት መጮህ ነውና።

ልጅቷ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ደስ አላት፣ ወንበር አጸዳችልን። እሱ አልተቀመጠም። የሚሰማ ሰው ድምፁን ይመጥናል፣ እሱ የራሱንም ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ ነው የተናገረው፤ ታች ያለው የልብስ ስፌት መኪና ጸጥ አለ፣ ደረጃው ላይ ሰው ቆመ። ሁሉንም ተናገረ። የጆሮ ሐኪሙን፣ መነጽሩን፣ ሁለቱን ፊደል፣ በማግሥቱ ጠዋት ማወቁን። ፍላጻሽ ሎ ነበር፣ እጅሽ ምንም አላጠፋም፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ነው የገቡት አላት። እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ካውያዋን ከሶኬቱ ነቀለች። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ አክስቴ? ታውቂ ነበር?»

አዎ ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ይህች ምላሴ ለምን ቀን እንደምትሆን አላውቅም። ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው፣ መዳፉንም ጀርባውንም፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ቤቱ እያለ ብትነግረኝ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር» አለች። «ቤቱ ሲሄድ ነው ያስታወስከኝ። ከእንግዲህ ምንም ነገር አትንገረኝ። አትምጣብኝ።»

ወንድሜ ያየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ መናገሯን አውቋል። ወደ እኔ ዞሮ ፊቴን ይመረምር ጀመር፤ ያ ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ ዓይኑን እያየ የሚጠብቀው ሰው፣ የእኔን ዓይን ይጠብቃል።

«ምን አለች?» አለኝ።

ልንገረው አልኩ። እምላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ካልሲው የተገላቢጦሽ ነው፣ ያለ እኔ ደረጃውን መውረድ አይችልም። ጮክ ብዬ፣ እሷም እንድትሰማ፣ «ላስብበት ነው ያለችው» አልኩት።

ሰማችኝ። ዞራ አላረመችኝም። እሱ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ጀርባዋም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ክንዱን ይዤ አወረድኩት። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ደፋ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ በፎጣው ውስጥ ሆኖ አሰበችበት ወይ ይለኛል። ፎጣውን ከፊቱ እስኪያነሣ ጠብቄ፣ ከንፈሬን ሲያይ፣ ገና ናት እለዋለሁ። እሱም ራሱን ይነቀንቅና፣ «ተያት፣ አታጣድፊያት» ይለኛል።